ይድረስ ለሚያኮኖጆ ደጋን ሠሪዎች

በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት፣ በሚያዛኪ ግዛት ለምትገኙ የሚያኮኖጆ ከተማ የቀርከሃ ደጋን ሠሪዎች፤

 

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በማታነቡት ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ አጥቼ አይደለም፤ መጀመሪያ የአገሬ ሰው እንዲሰማው ፈልጌ ነው። ባለሙያን ለብቻው አግኝቶ «እጅህ ይባረክ» ማለት ደግ ነው። በእኛ ወግ ግን ውለታ የሚነገረው ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ ሠርግ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ልቅሶ ላይ። እኔም እንደዚያው ላድርግ።

ተወልጄ ያደግሁት በአዊ፣ እንጅባራ አቅራቢያ ነው፤ ጭጋግና ቀርከሃ ከማይጠፋበት ደጋ። እዚያ ቀርከሃ አጥር ነው፣ አልጋ ነው፣ ወንበር ነው፣ ቅርጫት ነው፣ የቤት ማገር ነው። ስንጥሩ እጁን ያልቆረጠው ልጅ የለም። አገራችን በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ውስጡ ባዶ የሆነው የደጋው ዝርያና ድፍን የሆነው የቆላው ዝርያ ተደምረው ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍናሉ። ይህን ሁሉ ይዘን ግን ቀርከሃን የምናየው የድሃ እንጨት አድርገን ነው። ገንዘብ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነቅለው የቀርከሃ አጥሩን ነው፤ በቦታው ቆርቆሮ ያቆማል። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሸጠውን ልጅ «ቀንስ እንጂ» እያልን ስናስጨንቀው እጁን ዞር ብለን አናየውም።

ዛሬ የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ነው። ጃፓን ካለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን የሰፈርነው እዚያ አካባቢ ነው። እንጀራ የምበላበት ሥራ ከደጋን ጋር አይገናኝም። ብቻ ከሥራ በኋላ የጃፓኖቹን የቀስት ጥበብ፣ ኪዩዶን፣ እማራለሁ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ደጋን እናቴ ጥጥ የምትነድፍበትን ነበር። እንደ ጀማሪ ሁሉ የፋይበርግላስ ደጋን ሰጡኝ፤ ቆይቼ ከእናንተ ከተማ የመጣ የቀርከሃ ደጋን ገዛሁ። የሠራው ሰው ከመያዣው በታች ስሙን ጽፎበታል። እዚህ አልጠራውም፤ ምስጋናው የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

ከቁረጣው ልነሳ። የምትሠሩበት ቀርከሃ ማዳኬ ይባላል። ሦስት ዓመት ገደማ የሞላውን ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ያነሰው ለጋ ነው፣ ያረጀው ደግሞ ደርቆ ይሰባበራል። የምትቆርጡት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ ገብቶ በግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ሲቀንስና ነቀዝ የማይደፍረው ሲሆን ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አያቴም በዝናብ ወራት ቀርከሃ የሚቆርጥ ሰው ሲያዩ ይቆጡ ነበር። «ለብል ነው የምትቆርጠው?» ይሉ ነበር። እሳቸውና እናንተ ብትገናኙ ያለ አስተርጓሚ ትግባቡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ከከሰል ፍም በላይ ታሳልፉታላችሁ። ቅባቱ በጠብታ በጠብታ ልጣጩ ላይ ብቅ ይላል። በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ፤ በተጠረገበት በኩል አረንጓዴው እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል። ፍሙ ከበረታ ልጣጩ ይቃጠላል፣ ከደከመ ቅባቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወራት የሚፈጅ ማድረቅ አለ። ስለዚህ ዘንድሮ ገበያ የወጣው ደጋን ዘንድሮ የተቆረጠ ቀርከሃ የለበትም። ለማይታወቅ ገዢ፣ ገና ላልተቀበላችሁት ትእዛዝ ቀርከሃ ቆርጣችሁ ታስቀምጣላችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ አምፖሉን ክር ከምን እንደሚሠራ ሲያፈላልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 የላከው ሰው ከጃፓን ቀርከሃ አገኘለት። ከኪዮቶ አጠገብ፣ ያዋታ ከሚባል ቦታ የተገኘው ማዳኬ ከስሎ ክር ሲሆን ከ1,000 ሰዓት በላይ በራ። ያዋታ የኢዋሺሚዙ ሃቺማን መቅደስ ያለበት ነው፤ ሃቺማን ደግሞ የጥንት የጃፓን ቀስተኞችና ጦረኞች ይማጸኑት የነበረ አምላክ ነው። ቃጫው ረጅምና የተጠቀጠቀ ስለሆነ ለመብራቱም ለደጋኑም ሆነ። ድሃ እንጨት የምንለውን ነገር ለሚንቅ ወገኔ ሁሉ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

አሁን ወደ ደጋኑ ውስጥ ልግባ፤ ዋናው ውለታችሁ ያለው እዚያ ነው።

ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ ቀስተኛው የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው ደግሞ ከልጣጩ ሥር ነው፤ ቃጫው እዚያ ይጠቀጠቃል፣ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ አንዱን ስንጣቂ ለጀርባ፣ ሌላውን ለሆድ አድርጋችሁ፣ የሁለቱንም ልጣጭ ወደ ውጭ ታዞራላችሁ። በመካከላቸው ልብ አለ። ልቡ ከቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣቂዎች የተሠራ ነው፤ እነዚህን ስንጣቂዎች በእሳት እስኪጠቁሩ ትለበልቧቸዋላችሁ፣ እርጥበታቸው ሄዶ እንዲጠነክሩ። ከዚያ በጠርዛቸው አቁማችሁ፣ ጎን ለጎን አጣብቃችሁ ታስገቧቸዋላችሁ። ጀርባና ሆድ ሲታገሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተት ሲል፣ መሃል ገብቶ የሚይዛቸው ይህ ልብ ነው።

በግራና በቀኝ ሃዜ የሚባለውን እንጨት ትለጥፋላችሁ። ሃዜ ፍሬው የሻማ ሰም የሚወጣው ዛፍ ነው፤ የኪዩሹ መሳፍንት በድሮ ጊዜ ለሰሙ ሲሉ ገበሬውን ያስተክሉት ነበር። የላከር ዛፍ ዘመድ ስለሆነ ለማይስማማው ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ይህን ታውቃላችሁ፣ ግን ትሠሩበታላችሁ፤ ለደጋን የሚስማማ፣ የሚለጠጥና የሚመለስ እንጨት ስለሆነ። በላይና በታች ጫፉ ላይ፣ ገመዱ የሚጠለቅበት ቦታ፣ ሌላ ጠንካራ እንጨት ይገጠማል።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። በፊት ቀርከሃ፣ በኋላ ቀርከሃ፣ በግራና በቀኝ ሃዜ፣ በላይና በታች ጠንካራ እንጨት። ያ ሁሉ የተለፋበት፣ የተለበለበው ልብ በስድስት በኩል ተዘግቷል። ደጋኑ ካለቀ በኋላ ማንም አያየውም። ገዢው አያየውም፤ አስተማሪው አያየውም፤ ውድድር ላይ የሚቀመጠው ዳኛም አያየውም። ለማታለል የሚመች ሥራ ቢኖር ይህ ነው። ያልደረቀ ስንጣቂ ማስገባት ይቻላል፣ በደንብ ያልተለበለበ ማስገባት ይቻላል፣ ማጣበቂያውን ማሳነስ ይቻላል፤ ደጋኑ ያኔውኑ አይሰበርም። የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ደጋኑ መጠማዘዝ ወይም መፈልቀቅ ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ተበልቷል፣ ሠሪውም «አንተ አያያዙን አላወቅህም» ብሎ ማመካኘት ይችላል።

እኔ ብዙ የተሸፈነ ሥራ አይቻለሁ። ቤት ስናሠራ ከልስኑ ሥር ምን እንደገባ የሚያውቀው ግንበኛው ብቻ ነው፤ ሶፋ ስንገዛ ከጨርቁ ሥር ያለውን ጣውላ ያየ የለም። የተሸፈነ ሥራ ላይ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ነው እኔ ለእናንተ ዛሬ የምነሳላችሁ። የእኔን ደጋን ልብ አላየሁትም፣ አላየውምም። ግን በየቀኑ እስበዋለሁ፤ በየቀኑም ይመለሳል።

በጥር ብርድ ከአንዳችሁ የሥራ ቤት ተቀምጬ ያየሁትንም ልናገር። ማጣበቂያው ከአጋዘን ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ነው፤ ኒቤ ይባላል። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የፋብሪካ ማጣበቂያ ትጠቀማላችሁ፣ ነውርም የለበትም፤ እዚያ ቤት ግን በኒቤ ነበር። ኒቤ ሲሞቅ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በኒቤ የሚሠራው በብርድ ወራት የሆነውም ለዚህ ነው። ንብርብሩ ሁሉ ተቀብቶ ተደራረበና ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ ተጠመጠመ። እስከዚህ ድረስ ቀጥ ያለ ዱላ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ከዚያ ሰውየው ሽብልቅ አነሳ። የቀርከሃ ሽብልቅ ነው፣ ከአጠገቡ በቅርጫት ተቆልሏል። አንዱን ከገመዱ ሥር ሰካና በመዶሻ መታው። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ገመዱ እየተወጠረ ንብርብሩን ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ማጣበቂያ በጠርዝ በኩል ይወጣል። ዱላው የሚጎብጠው ሽብልቁ በገባበት በኩልና በተመታበት ልክ ነው።

እዚህ ላይ ነው ትንፋሼን የያዝኩት። ማጣበቂያው እየቀዘቀዘ ነው፤ ጊዜ የለም። ሰውየው ግን አይሮጥም። ይመታል፣ ደጋኑን ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ ወደ ጫፍ ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላ ሽብልቅ ይሰካል። ልኬት የለም፣ እላዩ ላይ አስተኝቶ የሚያጎብጥበት ቅርጽ ማውጫም አልነበረም። የሽብልቁ ቁጥር ወደ መቶ ይጠጋል። ሲጨርስ ያ ቀጥ ያለ ዱላ ከዳር እስከ ዳር እሾህ የበቀለበት ግማሽ ክብ ሆኖ ነበር። ሚስቱ ሻይ አመጡልን። ሰውየው እጁን እየታጠበ ስለ ልጁ ፈተና ያወራኝ ጀመር።

አንድ ደጋን ከ200 በላይ የሥራ ደረጃ እንዳለው ራሳችሁ ትናገራላችሁ። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሽብልቁ ወልቆ ገመዱ ሲፈታ ደጋኑ ከሚሳብበት በተቃራኒ ጎብጦ ይወጣል፤ የሚሳብበት ገመድ የሚገባለት ያንን ጉብጠት ገልብጦ ነው፣ ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል። ለሳምንታት እንደተገተረ ይቀመጣል። በእጅ እየተገፋ፣ በእግር እየተረገጠ ይገራል። ጎኑ በመላጊያ ይላጋል። መላጊያው ትንሽ ካለፈ የወጣውን ማስመለስ አይቻልም።

ስለ ቅርጹ ደግሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲገረም ኖሯል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና ዜና መዋዕል የጃፓን ሰዎች ደጋን ታችኛው በኩል አጭር፣ ላይኛው ረጅም እንደሆነ መዝግቧል። ዛሬም እንደዚያው ነው። ቁመቱ 221 ሳንቲሜትር ገደማ ሆኖ፣ የሚያዘው መሃሉ ላይ ሳይሆን ከታች አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ነው። ያኔ ግን ከአንድ እንጨት የሚጠረብ ነበር። ቀርከሃ የተጨመረው ሄይያን በሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ዘመን መገባደጃ ነው፤ መጀመሪያ በጀርባው ብቻ፣ ቀጥሎ በሆዱም፣ ከዚያም እንጨቱን በአራቱ ጎን ከብቦ። የተለበለበ ስንጣቂ ልቡ ውስጥ የሚገባበት የዛሬው ዓይነት የበሰለው በኤዶ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

የሚገርመው ይህ ነው። ጠመንጃ ጃፓን የገባው እ.ኤ.አ. በ1543፣ ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በታኔጋሺማ ደሴት በኩል ነው። የደጋንን የጦር ሜዳ ዘመን የዘጋው መሣሪያ የወረደው በደጃችሁ ነበር ማለት ይቻላል። ደጋኑ ግን ከዚያ በኋላም መሻሻሉን አላቆመም። ጦርነት የማይፈልገውን ነገር አባቶቻችሁ ለምን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያሻሽሉት ኖሩ?

አንዱ መልስ ኪዮቶ ነው ያለው። ሳንጁሳንገንዶ የሚባል ረጅም ቤተ መቅደስ አለ፤ በረንዳው 120 ሜትር ነው። ቀስተኞች ከበረንዳው አንድ ጫፍ ተቀምጠው፣ ቀስታቸውን ጣሪያውንም ምሰሶውንም ሳያስነኩ ሌላኛው ጫፍ የሚያደርሱበት ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1686 ዋሳ ዳይሃቺሮ የሚባል ወጣት በአንድ ቀንና ሌሊት 13,053 ቀስት ወርውሮ 8,133ቱን አሳልፏል። በደቂቃ ዘጠኝ ገደማ ማለት ነው። ክብረ ወሰኑን የሰበረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋሳ ክንድ ነው፤ በዚያ ቀንና ሌሊት ግን ደጋንም ከ13,000 ጊዜ በላይ ተስቦ ከ13,000 ጊዜ በላይ ተመልሷል። ለእንዲህ ያለ ፈተና የሚበቃ ደጋን ከአንድ እንጨት አይጠረብም። እንደ እኔ እምነት ያንን ክብረ ወሰን ቢያንስ ግማሹን ለደጋን ሠሪ መስጠት ፍትሕ ነው።

የእናንተ ከተማ የጃፓን የደጋን መናኸሪያ የሆነችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማዳኬውም ሃዜውም በሞቃቱ ደቡብ ይበቅላሉ፣ ከተማችሁን ያስተዳድር የነበረው የሳትሱማ ግዛት ሰዎችም ከድሮ ጀምሮ የጦር ጥበብ ወዳጆች ነበሩ። ዛሬ በጃፓን ከሚሠራው የቀርከሃ ደጋን ዘጠና በመቶ ያህሉ ከሚያኮኖጆ ይወጣል። መንግሥታችሁም እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራችሁን በብሔራዊ ባህላዊ ዕደ ጥበብነት መዝግቦታል። ደግ አደረገ፤ ቢዘገይም።

አሁን እኔ ጋ ስላለው ደጋን ትንሽ ላውራችሁ፤ ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ ወሬውን መስማት ይወዳልና።

ደህና ነው። 28 ሜትር ርቆ ወደተተከለው፣ 36 ሳንቲሜትር ስፋት ወዳለው ክብ ዒላማ እየላከልኝ ነው፤ ሲስት የእኔ ነው። ቀስቱ እጄን ሲለቅ ደጋኑ በመዳፌ ውስጥ ዞሮ ገመዱ በክንዴ ውጪ በኩል ይደርሳል። የፋይበርግላሱም ይዞራል፣ ግን ድንጋጤው እስከ ትከሻ ይሰማል። የእናንተ በዝግታ የሚጠፋ ንዝረት ብቻ ነው ያለው። ገመዱን አስገብቼ ከላይ ወደ ታች ሳየው በደጋኑ መሃል ሳይሆን በትንሹ ወደ ቀኝ አልፎ መሄድ አለበት፤ እንደዚያው ነው። በሐምሌ እርጥበት ሲበዛ ጉልበቱ ይለግማል፣ በጥር ይጠነክራል። ከዝናብ እሰውረዋለሁ፣ በበጋ መኪና ውስጥ አልተወውም። ቀስት ሳይገባበት ጎትቶ መልቀቅ ክልክል እንደሆነ ለሚነካው እንግዳ ሁሉ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሥቅብኛል።

አስተማሪዬ አዲስ ደጋን ያላለቀ ደጋን ነው ይላሉ። መጀመሪያ ገዢው በቅርብ ርቀት፣ ቀስ እያለ፣ ወራት ወስዶ ያለማምደዋል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በእጁ ይገፋዋል። ካልሆነለት ወደ ሠሪው ይመልሰዋል፤ ሠሪውም ያስተካክለዋል። ይህ የሥራችሁ ሁለተኛው ክብር ነው። ገንዘብ ተቀብላችሁ በሩን አትዘጉም።

ለካርቦኑና ለፋይበርግላሱ ክፋት የለኝም። ዋጋው ይቀላል፣ ሙቀት አይፈራም፣ ብርድ አይፈራም፣ የትምህርት ቤት ልጆች እየተፈራረቁ ቢጎትቱት ቅር አይለውም። እነሱ ባይኖሩ ይህን ያህል ልጅ ኪዩዶን ባልጀመረ ነበር፤ እኔም ባልጀመርኩ። ግን ካርቦን ደጋን ስለ ራሴ ምንም አልነገረኝም። የእናንተ በሦስተኛው ወር ቀኝ እጄ እንደሚቸኩል ነገረኝ፤ ገመዱ ከቦታው እየሸሸ አሳየኝ። አስተማሪዬ ከዚያ በፊት ደጋግመው ቢነግሩኝም አላመንኳቸውም ነበር።

አንድ ልመና አለኝ፤ ምስጋናውን ሳልጨርስ ልመና ማቅረብ ድፍረት ቢሆንም።

ከአንዳችሁ ቤት ስወጣ ሥራውን የሚረከብ ወጣት እንደሚቸግር ሰማሁ። ሥራው ረጅም ነው፣ ደመወዙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ልጆቻችሁም ወደ ቶኪዮና ወደ ኦሳካ ይሄዳሉ። ይህ ሙያ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ መኖር እንደሚችል ታይቷል። የኪዮቶው ሺባታ ካንጁሮ፣ በዘር ሐረጉ ሃያኛው ደጋን ሠሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ሄደው እዚያ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። እኔ የምለምናችሁ ወደ ሌላ አገር እንድትሄዱ አይደለም። በራችሁን እንድትከፍቱ ነው።

በአዊ፣ በሲዳማ፣ በሸካ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ያደጉ ወጣቶች አሉ። አንጓውን በጣታቸው ዳብሰው የት ጋ እንደሚፈነዳ ያውቃሉ። የትኛው ለጋ፣ የትኛው የደረሰ እንደሆነ ከሩቅ ይለያሉ። መላጊያና መሮ ይይዛሉ። የማያውቁት እሳቱን፣ ኒቤውንና ሽብልቁን ነው፤ ያንን ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ደጋን ሠሪ ሆነው ባይመለሱ እንኳ፣ ቀርከሃን ማድረቅ፣ ቅባቱን ማውጣትና ማጣበቅ አውቀው ቢመለሱ እንጅባራ ላይ የሚሠራው ወንበር አሥር ዓመት ይቆያል። ዛሬ ሦስት ዓመት አይቆይም።

ወደዚህ የሚመጣ አንድ ልጅ ከተገኘ የጃፓንኛውን ነገር ለእኔ ተዉት። የማረፊያውንም ነገር ካትሱሺካ ያለነው ሐበሾች ተነጋግረን እንጨርሰዋለን። ቁረጣው በኅዳር ስለሚጀምር መልሳችሁ ከመስከረም በፊት ቢደርሰኝ ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከካትሱሺካ፣ ቶኪዮ